«ፓይተን አልተገኘም»፦ ጥፋቱ የማን ነው?

በቶሮንቶ ኮሌጆች ፕሮግራሚንግ የምንማር ሐበሾች ይህን መልእክት በደንብ እናውቀዋለን። አንድ ጀማሪ ፓይተንን ላፕቶፑ ላይ ይጭናል፤ የቡድኑን ፕሮጀክት ዊንዶውስ ላይ ቢልድ ሊያደርግ ሲል «ፓይተን አልተገኘም» ይባላል። ፓይተኑ እዚያው አለ። ልጁ ግን «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ኮርሱን እስከ መተው ይደርሳል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን በግምት የሚፈልገው ስክሪፕት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው የፓይተን ኢንስቶለር፣ ሌላ ቦታ ካልመረጡለት፣ ፓይተንን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። ፓዝ ላይ የሚያስገባው ሳጥንም ምልክት ሳይደረግበት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፓዝን ብቻ የሚያይ ስክሪፕት ያለውን የለም ይላል። ተቃራኒውም አለ። ከሜይ 2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ፣ ስሙ ፓይተን የሆነ፣ ፓይተን ካልተጫነ ግን ወደ ማይክሮሶፍት ስቶር የሚወስድ ፋይል ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። የፋይሉን መኖር ብቻ የሚያይ ስክሪፕት ደግሞ የሌለውን አለ ይላል።

«ሁሉንም ፓዝ ላይ ጨምርና ተገላገል» የሚሉ አሉ። ሁለት ቨርዥን ሲኖር ግን የሚመረጠው ፓዝ ላይ የቀደመው ነው፤ ፕሮጀክቱ የሚፈልገው እሱን ላይሆን ይችላል።

የሚሻለው ኮምፒውተሩን መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጻፈው ፔፕ 514 የተጫነ ፓይተን አድራሻውን በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ የት እንደሚያስመዘግብ ይገልጻል። ስክሪፕቱ የተጠቃሚውንም የማሽኑንም ክፍል ይመልከት። ያገኘውን ፓይተን አስነስቶ ቨርዥኑን ይጠይቀው። ካጣም የት የት እንደፈለገ ይናገር።

እኛን በተለይ የሚነካን ሌላ ጉዳይ አለ። የግል ፎልደሩ የሚሰየመው በተጠቃሚው ስም ነው። አንዲት ተማሪ አካውንቷን «ሰላም» ብላ በፊደል ብትከፍት የፓይተኗ አድራሻም ፊደል ይኖርበታል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ግን እንደ ዓረብኛና እንደ ግሪክኛ ለአማርኛ የቆየ ኮድ ፔጅ ኖሮት አያውቅም። በዚያ በቆየው መንገድ የሚያነብ የቢልድ መሣሪያ ፊደላችንን ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል፤ አድራሻውም ይጠፋል።

የሚሰጣት ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስምሽን በላቲን ጻፊው»። ይህ ለዛሬ ማታው አሳይመንት ይበቃ ይሆናል። መሣሪያው ግን እንደተበላሸ ለሚቀጥለው ልጅ ይተላለፋል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ፕሮጀክታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በፊደል በተሰየመ አካውንት ቢልድ አድርጉት። ተመርቃችሁ ሥራ የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ የቴስት ዝርዝር ላይ አንድ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር አስገቡ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንድ ጀማሪን ግን ትምህርቱን ከመተው ሊያድን ይችላል።