የእረኛውን ቃል ማን ያሰማልን?

የቀድሞ ነገሥታት የሕዝቡን ስሜት ለመረዳት ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በአደባባይ ለመናገር የሚያስፈራው ነገር በመስክ ላይ በዜማ ይወጣልና፤ ባለሥልጣን የሸሸገውን ጉድ ከብት ጠባቂው ልጅ ያንጎራጉረዋል። አዝማሪውም እንዲሁ ነበር። ከሰርግ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከገበያ ወደ ጦር ሰፈር እየተዘዋወረ ወሬ ያደርሳል፤ ሙገሳውን በሰም፣ ወቀሳውን በወርቅ ያስቀምጣል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቱ ጠንቋዩንና እየዞረ ታሪክ የሚያዜመውን ሁሉ ለቅሞ እንዲገደል ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሲንቆ የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ ጠላት እንኳ ዐውቆት ነበር።

እኛ የዛሬ ተማሪዎችስ ዐውቀነዋልን?

በየመኝታ ቤታችን ሌሊቱን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን ሙዚቃ የሚቀምሩ ጓደኞች አሉን። ብርድ ልብስ በመስኮት ላይ ሰቅለው ስቱዲዮ ያደርጉታል። ክራርን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር የሚያጋቡ አሉ፤ የሰፈራቸውን ችግር በሂፕ ሆፕ የሚናገሩ አሉ፤ የአያቶቻቸውን የለቅሶ ዜማ ቀድተው በጊታር የሚያጠኑ አሉ። «አንደርግራውንድ» ይሏቸዋል። ከመሬት በታች ማለት ነው። ከመሬት በታች የሚኖር ሁለት ነገር ነው፤ ሬሳና ዘር። እነዚህ ጓደኞቻችን ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆኑ የሚወስነው ችሎታቸው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለነው ሰዎች ውኃ ማጠጣት አለማጠጣታችንም ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም በግቢያችንና በአካባቢያችን ያለው የማኅበረሰብ ራዲዮ እንዲጠናከር፣ በራዲዮውም አማካይነት እነዚህ ከያንያን እንዲደመጡና የላባቸውን ዋጋ እንዲያገኙ የእያንዳንዳችንን ድጋፍ ለመጠየቅ ነው።

በባዕድ ማኅተም የሚመለስ ሙዚቃ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ተረቱ። የሙዚቃችንን ታሪክ የሚያህል ለዚህ ተረት ምስክር የሚሆን የለም።

ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን በመንግሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሙዚቀኛውም ቢሆን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የማዘጋጃ ቤት ደመወዝተኛ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ዐምሃ እሸቴ የሚባል ሰው ይህን ድንጋጌ ተዳፈረ። የፖሊስ ኦርኬስትራውን ዘፋኝ የዓለማየሁ እሸቴን «ተማርኪያለሽ» ቀረጸና ሸክላውን ከውጭ አገር አሳትሞ አስመጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳተመ። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን እያልን የምንኮራበት ነገር ትልቅ ክፍል የዚህ ሰው ድፍረት ፍሬ ነው። ዐምሃ በሕጉ ፊት ጥፋተኛ ነበር፤ በታሪክ ፊት ግን ባለውለታ ሆነ። ዛሬ በየሆቴሉ «ድሮ ቀረ» እያለ የሚያዝን ጎልማሳ ሁሉ ይህ «ድሮ» የዚያን ጊዜ ሕገ ወጥ እንደ ነበር ልብ ቢል መልካም ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ታፈነ፤ ዐምሃም አገር ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። የተዉልንን ሸክላ ሰብስቦ በተከታታይ ለዓለም ያሳተመው፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረና በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለዓመታት ኖረ። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ ብቻውን የቀረጸውን ካሴት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እንደ ገና አሳትሞ ወደ መድረክ የመለሰው አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ነው። ወደ ቅርቡ እንምጣ። እንደገና ሙሉ «ቀን ሰው» የተባለውን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው በዋሽንግተን ነው፤ ሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም»ን በ2016 ያሳተመው በኒው ዮርክ ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያን ቅኝትና መሣሪያ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ያዋሐዱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።

ፈረንሳዊውንም አሜሪካዊውንም አንወቅስም፤ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። የምንወቅሰው ልማዱን ነው። ሙዚቃችን ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ ደርሶ የጉምሩክ ማኅተም ካልተመታበት በስተቀር አንሰማውም ማለት ነውን? የገዛ ልጃችን ምን እንዳለ ጎረቤት እስኪነግረን ድረስ የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?

ራዲዮው ለምን?

በአገራችን ራዲዮ ከ1928 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የመንግሥት አፍ ነበር። ከዚያ ውጭ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው፤ አስመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ጣቢያና በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በ1969 ዓ.ም. የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ይጠቀሳሉ። የቃኘው ጣቢያ ለራሱ ወታደሮች ያሰማው የነበረው ሙዚቃ ወደ ከተማው ልጆች ጆሮ ገብቶ የዘፋኞቻችንን ስልት እንደ ነካ ይታወቃል። ትንሽ ጣቢያ ትልቅ ነገር ትሠራለች ማለት ነው። ልዩነቱ በማን እጅ እንዳለችና ለማን እንደምትናገር ነው።

የማኅበረሰብ ራዲዮ በሕግ ቦታ ያገኘው በኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 533/1999 ብሮድካስትን በሦስት ከፍሎ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ሰየመ፤ አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ይህንኑ አጸና። የማኅበረሰብ ራዲዮ ለትርፍ የማይሠራ፣ በአንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ የሚያስተዳድረው ጣቢያ ነው። ለዋግ ኽምራ፣ ለከምባታ፣ ለአርጎባ የተቋቋሙ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በጅማ፣ በሐረማያና በሌሎችም ከተሞች ከፍተዋል። እነዚህ ጣቢያዎች በትልልቆቹ ጣቢያዎች በማይሰማ ቋንቋ የገበያ ዋጋ ይናገራሉ፤ የጠፋ በሬ ያፈላልጋሉ፤ የአካባቢውን ዘፋኝ ያሰማሉ። ችግራቸውም አንድ ዓይነት ነው። ማሰራጫው ሲበላሽ መለዋወጫ የለም፤ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ የለም፤ የለመደው ጋዜጠኛ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ጣቢያ ይሄዳል፤ ረጂ ድርጅት ውሉ ሲያልቅ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ድሃ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም የሚዳከሙት፤ «ራዲዮው የኔ ነው» የሚል አድማጭ ስላላፈሩም ነው።

በሌላው አገር ይህን ጉድለት የሞሉት አድማጮቹ ራሳቸው ናቸው። በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ ኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ. የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲከፈት መሠረቱ የአድማጭ መዋጮ ነበር፤ ማስታወቂያ አላሻውም። በኬፕ ታውን ቡሽ ራዲዮ የተባለው ጣቢያ ካሴት እየቀዱ ከሚያሰራጩ ወጣቶች ተወለደ። በአፓርታይድ ዘመን ማብቂያ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ያለ ፈቃድ ቢናገሩ ፖሊስ መሣሪያቸውን ወሰደባቸው፤ በ1995 ግን ፈቃዱን አገኙ። የምሥራቅ ለንደን ልጆችም ሪንስ የተባለውን ጣቢያ በ1994 ያለ ፈቃድ ጀምረው፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና እየተከሉ ማንም ያልተቀበለውን ሙዚቃቸውን አሰሙ፤ ፈቃድ የተሰጣቸው በ2010 ነው። እኛ ሕግ ጣሱ አንልም። እነርሱ በር ሰብረው የገቡበት ቤት ለኛ በአዋጅ ተከፍቶ ሳለ ደጃፉ ላይ ቆመን ማዛጋታችን ግን ይከነክነናል።

የሚቀርቡልን ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «በስልክ ዘመን ራዲዮ ምን ይሠራል? ዘፋኙ ሥራውን በኢንተርኔት ይጫነው፤ ዓለም በሙሉ ይሰማዋል» የሚል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስፖቲፋይ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም እንዳይከፍል ደንብ አውጥቷል። ጀማሪ የሚባለው ደግሞ በትክክል ይህ ሰው ነው። የስልኩ ማሽን አስቀድሞ የተሰማውን ደጋግሞ ያሰማል፤ ያልተሰማውን ይቀብራል። በአንጻሩ የራዲዮ አዘጋጅ ሰው ነው፤ ሂድና ታነጋግረዋለህ፣ ትከራከረዋለህ፣ ብታሳምነው ነገ ማታ ሥራህን ያሰማልሃል። ዳታ መግዛት የማትችል የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ከመወርወሪያዋ ሳትነሣ ታዳምጠዋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ሂፕ ሆፕና ኤሌክትሮኒክ የሚሉት የፈረንጅ ግልባጭ ነው፤ ባህል ያበላሻል» የሚል ነው። ይህን የሚሉን አብዛኞቹ በሳክስፎንና በትሮምቦን የተዘፈነውን የስልሳዎቹን ዘፈን እያዳመጡ ነው። ሳክስፎን በየትኛው ገዳም ተፈለሰፈ? የፖሊስና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራዎች የነሐስ መሣሪያውን ከውጭ አምጥተው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ አሠለጠኑት። የዛሬውም ልጅ ኮምፒዩተሩን እንዲሁ ያሠልጥን። ካላሳመረው እንንገረው፤ ለመንገር ግን በቅድሚያ መስማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ ተቃውሞ እንኳ አይደለም፤ ዝምታ ነው። «ጎበዝ ከሆነ ራሱ ይወጣል» ይባላል። በየአዝማሪ ቤቱ የወጡት ራሳቸው አልወጡም፤ የሚሸልምና የሚቀመጥ ሰው ነበራቸው፤ ቤትም ነበራቸው። ቤቱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ፈንድቃ የባህል ማዕከልም አብሮ ፈርሷል። አንድ ቤት በፈረሰ ቁጥር ድምፁ ወዴት ይጠጋል? በአየር ላይ ያለ ቤት ዶዘር አይደርስበትም።

የነጻ አገልግሎት ነገር

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ልማድ ሳንጠቅስ አናልፍም። የግቢ በዓል ሲኖር ለታወቀ ዘፋኝ፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ ለአዳራሽ ጌጥ ገንዘብ ይገኛል። ለግቢው ባንድ ግን «ለስማችሁ ይጠቅማችኋል» ተብሎ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይሰጠዋል። ስም እንጀራ ሆኖ አያውቅም። ፎቶግራፍ አንሺው ይከፈለዋል፤ ወጥ ቤቱ ይከፈለዋል፤ ኬክ ጋጋሪው ይከፈለዋል፤ ለሦስት ወር የተለማመደው ክራር መቺ ብቻ ለፍቅር ይሠራል! ከፊታችን የነበሩ የተማሪ ትውልዶች «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጡ የተቃወሙት የሌላውን ላብ በነጻ መብላት ነበር። ያንን ሰልፍ በየዓመቱ እያወደስን በገዛ አዳራሻችን የሙዚቃ ጭሰኛ ማቆየት እንዴት ይገጥማል?

አንዳንድ ጣቢያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ዘፈን ለማሰማት ከዘፋኙ እጅ መንሻ ይጠበቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በብሮድካስት የማሰራጨትን መብት ለአመንጪው ይሰጣል፤ ስሙ እንዲጠራም መብት አለው። ሕጉ ለከያኒው ይከፈል ሲል ከያኒው ይከፍላል። ይህ የተገለበጠ ዓለም ነው።

ምን እናድርግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ነው። ስለዚህ ለማኅበሩ ጉባኤና ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ የማኅበረሰብ ራዲዮው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ገና ያልታወቁ የግቢና የአካባቢ ከያንያን ሥራ ብቻ ያሰማ። ማንም ገንዘብ አይክፈል፤ ማንም ገንዘብ አይቀበል።

2ኛ/ ዘፈን ሲሰማ የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ይጠራ፤ በመዝገብም ይጻፍ። መዝገብ ከሌለ ነገ መብት የሚጠይቅበት ማስረጃ የለም።

3ኛ/ የማኅበሩ ማናቸውም በዓል ለሙዚቃ ከሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነው እጅ ለግቢ ባንዶች በውል ይከፈል። ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የሕግ ተማሪዎች ያርቅቁት።

4ኛ/ የምሕንድስና ተማሪዎች የጣቢያውን መሣሪያ በመጠገን፣ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው ያለውን ዜማ በመቅዳትና በማስቀመጥ ያግዙ። መምህሮቻችን ይህን እንደ መመረቂያ ሥራ ቢቆጥሩልን ዕውቀትም ራዲዮም ይጠቀማሉ።

5ኛ/ እያንዳንዱ ተማሪ በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ፣ እያንዳንዱ መምህር ከዚያ ላቅ ያለ ያዋጣ። ሒሳቡም በየመንፈቁ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። የሚያዋጣ ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ የሚጠየቅ ጣቢያም አይባልግም።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን! የእናንተ አንድ ቃል በአስተዳደሩ ዘንድ ከኛ መቶ ቃል ይበልጣልና በዝምታ አትለፉን። ወንድሞችና እኅቶች! በሚቀጥለው የማኅበሩ ጉባኤ እነዚህ አምስት ነጥቦች ለድምፅ ይቀርባሉ። ኑና እጃችሁን አውጡ። የማይስማማም ይምጣና ይከራከረን፤ ክርክር አንጠላም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙን ለአንድ ራዲዮ አዘጋጅና ለጥቂት ሌት አዳሪ ሙዚቀኞች ትተን ጌጡን ብቻ ለመካፈል መጠበቅ ከተማረ ሰው አይጠበቅም።