ጠመንጃው የጠፋብን ምሽት

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ቀለም ነው። የግድግዳ ወይም የመኪና ቀለም ግን አይደለም፤ ስለ አደን ጠመንጃ ቀለም ነው። እግረ መንገዳችንን በቤት ውስጥ ጨዋታ ብዙ የማንሰማቸውን ጥቂት የአማርኛ ቃላት እንማራለን።

አጎቴ የሚኖሩት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ነው። ተወልደው ያደጉት ግን ጎጃም ገጠር ነው። እኔና እህቶቼ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጋሼ ኦንታሪዮ ውስጥ አደን ልጀምር ሲሉ ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። እሳቸው ግን የጦር መሣሪያ ደህንነት ኮርሱን ተማሩ፤ የአዳኝነት ትምህርቱንም ጨረሱ፤ ፈተናውን አልፈው ፈቃድ አወጡ። በኋላም እኔን አስመዘገቡኝ። አሁን በየዓመቱ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ወደ ሃሊበርተን አብረን እንሄዳለን።

ወቅቱ ለእኛ ይመቻል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። አጋዘን ከተገኘ ሥጋው ከጾሙ በፊት ለዘመድ ይከፋፈላል፤ የቀረው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ በእኛ ቤት ይበላል።

የጋሼ ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ነበረው። ሰደፍ ማለት ተኳሹ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው የጠመንጃው የኋላ ክፍል ነው። ብረቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያበራል። እኔም «ጋሼ፣ ዥንጉርጉር ቀለም ልቀባልዎት?» አልኳቸው። ዥንጉርጉር ማለት የተለያየ ቀለም ያለው፣ እንደ ነብር ቆዳ ጣል ጣል ያለበት ማለት ነው።

ጋሼ በጣም ተገረሙ። «ጠመንጃ ይወለወላል እንጂ ይዥጎረጎራል እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ባደጉበት አገር ጠመንጃ የቤት ክብር ነበር። በቅባት ይወለወላል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በበዓልና በሠርግ ቀን ይታያል። የራሱ ስምም ነበረው። «ውጅግራ» የሚባለው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዮች ግራ የተባለ ጠመንጃ ነው። «ምንሽር» የሚለው ቃል ደግሞ ማንሊኸር ከሚለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ስም የመጣ ነው። አያቶቻችን የባዕዱን ስም ለራሳቸው አፍ እንዲመች አድርገው አማርኛ አደረጉት።

መሣሪያንና ወታደርን በቀለም መደበቅ ግን ከዚያ በኋላ የተስፋፋ ሐሳብ ነው። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደው በ1888 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይ ጦር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ የካሞፍላጅ ክፍል ያቋቋመው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ነበር። ካናዳም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። ካድፓት የሚባለው የካናዳ ጦር ልብስ ንድፍ በኮምፒውተር የተሠራና በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተሞላ ነው። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ እጄ በላኝ።

ጋሼ በመጨረሻ «እሺ፤ ካበላሸኸው ግን ትከፍላለህ» አሉኝ።

አበላሸሁት። መጀመሪያ ከሃርድዌር መደብር የሚረጭ ቀለም ገዛሁ፤ ብረቱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቀባሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለዓመታት ብረቱ ውስጥ የገባው ዘይት አልወጣም ነበር፤ ቀለም ደግሞ ዘይት ላይ አይይዝም። ጋሼ የተላጠውን አይተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ዝም አሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ጊዜ የመረጥኩት ሴራኮት የሚባለውን የሴራሚክ ቅብ ነው። ይህ ቅብ በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አርባኛ ያህል ቢሆን ነው። ግን ጭረትን፣ ዝገትንና ኬሚካልን ይቋቋማል። አንዱ ዓይነት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ይጋገራል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ዳቦ በምንደፋበት ኦቨን ውስጥ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ምግብ የሚበስልበት ኦቨን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገባም፤ በዚያ ላይ ብረቱም ረጅም ስለሆነ አይበቃውም። ስለዚህ ያለ ኦቨን፣ በአየር ብቻ የሚደርቀውን ዓይነት ወሰድኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየን፤ ከዚያ ፈታታነው። ብረቱን በአሴቶን ደጋግመን አጠብነው። የመኪና ቀለም የሚሠራ ወዳጃችን ደቃቅ አሸዋ በሚረጭ መሣሪያ ፊቱን ሸካራ አደረገልን፤ ቅቡ የሚይዘው ሸካራ ነገር ላይ ነውና። የእንጨቱን ሰደፍ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። አፈሙዙን፣ ማለትም ጥይት የሚወጣበትን የጠመንጃ አፍ፣ በላስቲክ ደፈንን። እርስ በርስ የሚንሸራተቱትን ክፍሎች አልነካንም፤ እዚያ ላይ ቅቡ ከተደራረበ ጠመንጃው ይጣበቃል። የመለያ ቁጥሩንም በጥንቃቄ ሸፈንነው። በካናዳ የወንጀል ሕግ የጦር መሣሪያን የመለያ ቁጥር መለወጥ ወይም ማጥፋት ወንጀል ነው።

ከዚያ ጭምብል አጥልቀን መርጨት ጀመርን። መጀመሪያ ፈዛዛ ቡናማ ቀለም ቀባን። ሲደርቅ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጡ ተለጣፊዎች ለጠፍንበትና አረንጓዴ ረጨን። እንደገና ሌላ ተለጣፊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ቡናማ። ተለጣፊዎቹን ስናነሳ ከሥራቸው ቅጠልና ቅርንጫፍ ወጣ። ቅቡ በደንብ እስኪጠነክር አምስት ቀን መጠበቅ ነበረብን። ጋሼ ሣጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ እንደማልታገሥ ያውቃሉ።

ኖቬምበር ደረሰ። ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጋሼ አንድ አጋዘን መቱ። ጥይቱን አወጡና ኪሳቸው ከተቱ፤ ጠመንጃውን አንድ ጥድ ሥር አስደገፉት። አጋዘኑን ለሁለት እየጎተትን ወደ መንገዱ ወሰድነው። ስንመለስ ጠመንጃው የለም።

ጥዱ ብዙ ነው፤ የወደቀው ቅጠል ብዙ ነው፤ ጀምበሯ እየጠለቀች ነው። በስልኬ መብራት ወዲያና ወዲህ ሮጥኩ። ልቤ ደነገጠ። የጠፋ ጠመንጃ ሳይዘገይ ለፖሊስ መነገር አለበት፤ ሕጉ እንዲህ ነው። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ሕጉ ብቻ አልነበረም። ነገ አንድ ልጅ ቢያገኘውስ? ያን ሁሉ ሳምንት የለፋሁት ጠመንጃን ለማስጠፋት ነበር እንዴ?

ዐርባ ደቂቃ ያህል ከፈለግሁ በኋላ ጋሼ «ቁም!» አሉኝ። «አንተ ጠመንጃውን አትፈልግ። ቆመን የነበርንበትን ቦታ ፈልግ።»

አጋዘኑን የጎተትንበትን ዱካ ይዘን ቀስ ብለን ወደ ኋላ ተመለስን። ዱካ ማለት ሰው ወይም እንስሳ ካለፈ በኋላ መሬት ላይ የሚቀር ምልክት ነው። ዱካው ወደጀመረበት ስንደርስ ጠመንጃው እዚያው ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ በሦስት እርምጃ ርቀት አልፌዋለሁ። በሥራዬ ላይ ስህተት ሲያጋጥመኝ ኮዱን እስከ መነሻው ተከትዬ ነው የማገኘው፤ ጫካ ውስጥ ግን ትዝ አላለኝም።

ወደ ቤት ስንነዳ የጋሼን ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አየሁ። ኦንታሪዮ ውስጥ በጠመንጃ አጋዘን በሚታደንበት ወቅት ይህን ቀለም መልበስ ግዴታ ነው፤ ከወገብ በላይ ቢያንስ 2,580 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በተጨማሪም ኮፍያ። ይህ ከአጋዘን አይን አያጋልጥም። የሰው አይን ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሴሎች ሲኖሩት አጋዘን ግን ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ብርቱካናማን ከቅጠሉ በደንብ አይለይም። የሚያስበረግገው እንቅስቃሴና ሽታ ነው። ስለዚህ ሰው ለሰው እየታየ ከአጋዘን መሰወር ይችላል። እኔ ግን ጠመንጃውን ከእኛው ከራሳችን ደበቅሁት።

አሁን የጠመንጃው ማንገቻ ላይ ሰፊ ብርቱካናማ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። የሰፉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። «አሁን ገና ጠመንጃ መሰለ» አሉ።

የዛሬ ቃላቶቻችን ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ዥንጉርጉር፣ ዱካ እና ማንገቻ ናቸው። በዚህ ሳምንት አያታችሁን፣ አጎታችሁን ወይም አክስታችሁን «በልጅነታችሁ ቤት ውስጥ የሚወለወለው ዕቃ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ ጻፉት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።