ክለቡ የማይከስርበት ውርርድ

ሐምሌ ገብቶ የአሜሪካ ቤዝቦል ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ባለፈ ቁጥር አንዲት አባባል ትመጣለች። ዘንድሮም አልቀረችም። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመረጠው ክለብ ያቀረበለትን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ከረባቱን አስተካክሎ «በራሱ ላይ ተወራረደ» ይላል። አጠገቡ ያለው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስተኛው «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ይጨምርበታል። ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል። ማስታወቂያውም የስፖርት ቁማር ነው።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ ክንዱን አስይዟል፤ አንድ ዓመት ዕድሜውንም አስይዟል። ክለቡ ምን አስያዘ?

ደንቡን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የተመረጠ ተጫዋች ሳይፈርም ቢቀር፣ ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት ድራፍት ምትክ ምርጫ ይሰጠዋል። በስምንተኛነት የመረጠው ልጅ አልፈርምም ካለው ለከርሞ ዘጠነኛውን ይወስዳል። ዕቁብ ደርሶት ከሰብሳቢው ጋር ሳይስማማ የቀረ ሰው ለወሩ ያለ ዕጣ ሌላ እንዲሰጠው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቁብ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ቶሎ ያስመዝግበኝ። ልጁስ? ለልጁ ምትክ ክርን የሚሰጠው የለም፤ ምትክ ዓመትም የሚሰጠው የለም።

ተንታኞቹ ይህን ሲጠየቁ የሚጠሩት ስም ማርክ አፔል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) የስታንፎርዱ ወርዋሪ በ2012 በፒትስበርግ ስምንተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ቀረበለት፤ እምቢ ብሎ አራተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ተመለሰ። በ2013 ሂውስተን አንደኛ አድርጎ መረጠውና 6.35 ሚሊዮን ፈረመ። አያችሁ፣ ተወራረደ፣ በላ! ታሪኩን እዚያ ላይ ይቆርጡታል። ጉዳቱን፣ በ2018 ጨዋታውን ጥሎ መውጣቱን፣ በ2021 መመለሱን፣ በመጨረሻም በ2022 በሠላሳ ዓመቱ ለፊላደልፊያ ስድስት ጨዋታ ብቻ መወርወሩን አይነግሯችሁም። በልጁ ላይ ቃል የለኝም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ሜዳውን መርገጡ ክብር ይገባዋል። ግን አፔል ያሸነፈው ማንን ነው? ፒትስበርግ በ2013 በዚያው ምትክ ምርጫ ኦስቲን ሜዶውስን ወሰደ። (ሜዶውስን ከታይለር ግላስናው ጋር ጠቅልሎ ለታምፓ ቤይ እንዴት እንዳስረከበው ሌላ ለቅሶ ነው፤ የፒትስበርግ ደጋፊ የሆናችሁ ይቅር በሉኝ።) የተሸነፈ ወገን የሌለበትን ድል እንዴት አድርገው እንደሚያከብሩት እነሱ ያውቃሉ።

ወደ ሂውስተን እንምጣ። በ2014 አንደኛ ምርጫው ብሬዲ ኤይከን ነበር። እርግጥ ኤይከን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ደንቡ ግን አንድ ነው። በ6.5 ሚሊዮን ተስማሙ። ከሕክምና ምርመራው በኋላ ክለቡ የክርኑን ጅማት አልወደደውምና ዋጋውን ወደ 3.1 ሚሊዮን ገደማ አወረደው። ይህች ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም፤ ሊጉ ለአንደኛው ምርጫ ካወጣው ዋጋ 40 በመቶ ናት፤ በጊዜው ደንብ 40 በመቶ ያቀረበ ክለብ ደግሞ ልጁ ባይፈርምም ምትኩን አያጣም ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ አደረጉት፤ ልጁና ቤተሰቡ ግን ተቀይመው ነበርና አልፈረመም። በማግስቱ ዓመት መጋቢት ላይ ያው ክርን ተቀደደ። ክሊቭላንድ በ17ኛነት ወሰደው፤ ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ቀረ። ሂውስተን በምትኩ፣ በ2015 ሁለተኛው ምርጫ፣ አሌክስ ብሬግማንን ከሉዊዚያና ስቴት ወሰደ። ከብሬግማን ጋር በ2017 እና በ2022 ዋንጫ በላ።

የ2014 ጉድ ሌላም አለ። ጄኮብ ኒክስ የሚባል የአምስተኛ ዙር ወርዋሪ ከሂውስተን ጋር በ1.5 ሚሊዮን ተስማምቶ ነበር። የእሱ ገንዘብ ግን ከኤይከን ፊርማ ከሚተርፈው የሚወጣ ነበርና፣ ኤይከን ሲቀር ሊጉ ለክለቡ የሚፈቅደው የፊርማ በጀት ጠበበ፤ ኒክስም ኮንትራቱን አጣ። ተንታኞቹን ልጠይቅ፦ ኒክስ በምን ላይ ተወራርዶ ነው የከሰረው? እሱ «እሺ» ነበር ያለው።

ኤይከንም ኒክስም የኮሌጅ አይደሉም ለምትሉኝ ኩማር ሮከር አለላችሁ። የቫንደርቢልቱ ወርዋሪ በ2021 በሜትስ አሥረኛ ተመረጠ፤ በ6 ሚሊዮን ተስማማ፤ ሜትስ የሕክምና ውጤቱን አይቶ ሐሳቡን ቀየረና ምንም ሳያቀርብለት የጊዜ ገደቡ አለፈ። እዚህ ላይ እንኳ እምቢ ያለው ልጁ አይደለም። ምትኩ ግን ለማን ሄደ? ለሜትስ! በ2022 11ኛውን ምርጫ ተቀበለ። ሮከር ከየትኛውም የሜጀር ሊግ ክለብ ጋር ባልተያያዘ ሊግ፣ ትራይ ሲቲ በሚባል ቡድን፣ ክንዱ ደህና መሆኑን ሲያሳይ ከርሞ ቴክሳስ በሦስተኛነት መረጠው፤ 5.2 ሚሊዮን ፈረመ። በዚያ ምሽትም ያቺ አባባል ተሰማች። እምቢ የተባለውን ልጅ ራሱ እምቢ እንዳለ አድርገው አሞገሱት።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ዕድለኞቹ ነው። ካሜራ የሚከተላቸው፣ ቢከስሩም ሚሊዮን የሚያገኙ። እኔን የሚያበሳጨኝ አባባሏ ወደ ታች ስትወርድ፣ አምስተኛና ስምንተኛ ዙር ላይ ያለው ልጅ ሲሰማት ነው። ቤን ዌትዝለር የኦሬገን ስቴት ወርዋሪ ነበር። በ2013 ፊላደልፊያ በአምስተኛ ዙር መረጠው፤ አልተስማሙምና ለአራተኛ ዓመቱ ተመለሰ። ክለቡ ምን አደረገ? ልጁ በድርድሩ ላይ ወኪል ተጠቅሟል ብሎ ለኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ለኤንሲኤኤ ከሰሰው። በክለቡ በኩል ዕድሜ ልካቸውን ኮንትራት ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በዚህ በኩል ያለው የሃያ አንድ ዓመት ልጅ የሚናገርለት ሰው ከያዘ ጥፋተኛ ነው። ዌትዝለር 11 ጨዋታ ታገደ። ለአምስተኛ ዙር ምትክ ምርጫ አይሰጥም፤ ምትክ ባይሰጥ ክስ ነበረ።

ከእገዳው ሲመለስ ልጁ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ከአንድ ያነሰ ነጥብ የተቆጠረበትን ዓመት ወረወረ። የኮሌጅ ቤዝቦል የሚከታተል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተወራርዶ ነበር፤ ሜዳው ላይም አሸነፈ። ከዚያ ማያሚ በስንተኛ ዙር መረጠው? በዘጠነኛ። ምርጥ ዓመቱን ተጫውቶ አራት ዙር ወረደ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ክለብ ውስጥ የሚሠራ ጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር ያውቀዋል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰው ግን ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ ክለቦች አራተኛ ዓመቶችን እስከ አሥረኛው ዙር ባለው ውስጥ እየመረጡ አምስት ሺህ፣ አሥር ሺህ ዶላር ያስፈርሟቸዋል፤ የተረፈውን በጀት ለሌላ ልጅ ያዞሩታል። ልጁን «ተመለስ፣ ዋጋህ ይጨምራል» የሚል ሰው ብቸኛ የመደራደሪያ አቅሙን ጣለው እያለው ነው። አፔል አንድ ነው፤ ዌትዝለሮች ግን በየዓመቱ አሉ።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ የምንቀመጠው የእኛ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዜማ አለን፦ «ዲግሪውን ይያዝ እንጂ፣ ኳሱ የት ይሄዳል!» ተገላቢጦሽ ነው። የት ይሄዳል የሚባለው ዲግሪው ነው። የቀሩትን ሴሚስተሮች ክፍያ ክለቡ እንዲሸፍን በኮንትራት ማስጻፍ ይቻላል፤ ልጁ ቤዝቦሉን ባቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጀምር እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ወርዋሪ ክርን ላይ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ አይጻፍም። የሚገባበት ማይነር ሊግ ገነት ነው አላልኩም፤ በ2023ቱ ስምምነት እንኳ በታችኛው ኤ ሊግ የዓመት ደመወዙ በዚያ ዓመት 26,200 ዶላር ነበር። ለዚህም ነው የፊርማው ገንዘብ ለብዙዎቹ ከቤዝቦል የሚያገኙት ብቸኛው ቁም ነገር የሆነው።

«ተመለስ» ከሚሉት መካከል ድምፁ ከፍ የሚለው አሰልጣኙ ነው። ቃል ኪዳን፣ ቤተሰብ፣ የጀመርነውን እንጨርስ። ጂም ሽሎስናግልን ታስታውሳላችሁ? በጁን 2024 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን ለኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ፍጻሜ አድርሶ በቴነሲ ተሸነፈ። ያን ምሽት ስለሌላ ሥራ የጠየቀውን ጋዜጠኛ ተቆጣ፤ ወደዚህ የመጣሁት ሌላ ሥራ ዳግም ላለመያዝ ነው አለ። በማግስቱ የዋና ባላንጣው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆነ። በቃሉ አምኖ በቡድኑ ለመቆየት ያሰበ ተጫዋች ዜናውን ከሰው እኩል ሰማ። ሽሎስናግል በራሱ ላይ ተወራረደ ያለ ግን አልነበረም። የተሻለ ከፋይ አገኘ፣ ሄደ። አዋቂ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልጆቹ የሚከለከሉትም ይህንኑ ነው፤ ከመረጣቸው አንድ ክለብ በቀር ማንም ዋጋ ሊሰጣቸው አይችልምና።

ታዲያ ምን ይሁን ትላላችሁ? ያልፈረመ ልጅ ነፃ ይሁን፤ የፈለገው ክለብ ይግዛው፤ ምትክ ምርጫውም ይቅር። ዝርዝሩን የሚያወጡት ብዙ ጠበቃ አላቸው። ሊጉ ይፈርሳል የሚለኝ ካለ 1996ን ይመልከት። በዚያ ዓመት አራት ክለቦች ለመረጧቸው ልጆች በ15 ቀን ውስጥ ኮንትራት ማቅረብ ነበረባቸው፤ በደንቡ መሠረት ሳያቀርቡ ቀሩ፤ አራቱ ልጆች ነፃ ወጡ። ነፃ ያልወጣው፣ አንደኛ የተመረጠው የክሌምሰኑ ክሪስ ቤንሰን ከፒትስበርግ 2 ሚሊዮን አገኘ። ሁለተኛ የተመረጠው የሳን ዲዬጎ ስቴቱ ትራቪስ ሊ፣ ሚኔሶታ ኮንትራቱን ስላዘገየችለት ብቻ፣ ከአሪዞና 10 ሚሊዮን ፈረመ። አምስት እጥፍ! ማት ዋይት ከታምፓ ቤይ 10.2 ሚሊዮን ወሰደ። ሊ ያን ያህል አይገባውም ነበር፣ ዋይት ሜጀር ሊግ ጭራሽ አልደረሰም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ያ ታዲያ የአሪዞናና የታምፓ ቤይ ኪሳራ ነው፤ እነሱም አንድ ጊዜ አስይዘው ተበሉ። ሊጉ አልፈረሰም፤ አሪዞና በ2001 ዋንጫ አነሣ።

ቀዳዳው ወዲያው ተደፈነ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክለብ የፊርማ በጀት ጣሪያ ተቀመጠ፤ ጣሪያውን ከ5 በመቶ በላይ ያለፈ ክለብ የከርሞ የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። እስካሁን አንድም ክለብ ያን መስመር አልተሻገረም። ይህን ጣሪያ የፈረሙት ክለቦቹ ብቻ አይደሉም፤ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ማኅበርም ፈርሟል። ድራፍት የሚጠብቀው የኮሌጅ ልጅ የማኅበሩ አባል አይደለም፤ ድምፅም አልተጠየቀም። የአሁኑ ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ምትክ ምርጫው ይቅር ብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚያነሣው፣ ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም።