ጨዋታው የማን ነው?

ገበጣ የሚጫወት ሰው «የዚህ ጨዋታ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጕድጓዱን ምሶ፣ ጠጠሩን ለቅሞ ይጫወታል እንጂ ፈቃድ የሚለምነው ኩባንያ የለም። በአሜሪካ ግን ባለቤት ያለው አንድ ትልቅ ጨዋታ አለ፤ በ2023 ዓ.ም. በባለቤቱና በተጫዋቾቹ መካከል የተነሣው ክርክር የጨዋታውን ዓለም በሙሉ አናውጦት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ የልጆች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ሲመረመር፣ ብዙ ሰዎች በኅብረት የሠሩት ነገር የማን ነው የሚል ከባድ ጥያቄ ይገኝበታልና።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት በ1974 ዓ.ም. ታተመ፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አጨዋወቱም እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ሆኖ ይጫወታል። ከመካከላቸው አንዱ ግን አጫዋች ይሆናል። አጫዋቹ መንገዱን፣ ዋሻውንና ጠላቱን በቃሉ ይሥልና «እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሎቹም እንደ አሳባቸው ይመልሳሉ። የሚያጠራጥረውን ነገር ባለ 20 ፊት ዳይስ ተጥሎ ይቈርጠዋል። እንደ ዳማ አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት አይደለም፤ የሚተርፈው በኅብረት የተፈጠረው ታሪክና ወዳጅነቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ከማንም ይልቅ የሚደክመው አጫዋቹ ነው። ባልንጀሮቹ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ደንቡን ያነባል፤ ካርታ ይሥላል፤ ታሪኩን ያዘጋጃል። ጨዋታው ሲጀመር ዐይን አፋሩን ያደፋፍራል፤ ወሬ የሚያበዛውን በዘዴ ያስታግሣል፤ አንድም ሰው ሳይናገር እንዳይቀር ይጠነቀቃል። እንግዳ እንደሚቀበል ደግ ባለቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጻሕፍቱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛ እሱ ነው። የጨዋታው ባለመብት የዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሲንቲያ ዊልያምስ በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. ሲናገሩ፣ አጫዋቾች ከተጫዋቾቹ ሁሉ 20 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ ገንዘብ ከሚከፍሉት ግን ከፍተኛውን ድርሻ እንደሚይዙ ገልጸዋል። ጨዋታው ሊያስገኝ የሚችለውን ያህል ገቢ ገና እንዳላስገኘም በዚያው ጊዜ ተናግረዋል።

የክርክሩ መነሻ ከዚህ ይጀምራል። ዊዛርድስ የጨዋታውን የመጀመሪያ አሳታሚ በ1997 ዓ.ም. ገዛ፤ እሱን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ሐዝብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ገዛው። በ2000 ዓ.ም. ኩባንያው አንድ የፈቃድ ውል አወጣ። ማንም ሰው መሠረታዊውን ደንብ ተጠቅሞ የራሱን መጽሐፍ ቢጽፍና ቢሸጥ ምንም ክፍያ አይጠየቅም የሚል ነበር። ይህ ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ሌላው የሚጽፈው መጽሐፍ ለዋናው መጽሐፍ ገዥ ያመጣል የሚል የንግድ ስሌትም ነበረበት። ስሌቱም ሠመረ። ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች ተቋቋሙ፤ ፓይዞ የተባለው ኩባንያም በ2009 ዓ.ም. «ፓዝፋይንደር» የተባለውን ተወዳዳሪ ጨዋታ በዚሁ ፈቃድ መሠረት አወጣ።

ጥር 5 ቀን 2023 ዓ.ም. ግን የአዲስ ውል ረቂቅ ሾልኮ ወጥቶ በጋዜጠኛ ተገለጠ። ረቂቁ የቀድሞውን ፈቃድ ይሽራል፤ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ ገቢውን እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚገኘው ገቢም እስከ 25 ከመቶ ለኩባንያው እንዲከፈል ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ የሚቈረጠው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢ ነው። ኩባንያው በበኩሉ፣ ዓላማው በጥላቻ የተሞሉ ሥራዎችን ለመከልከልና ታላላቅ ኩባንያዎች በነጻ እንዳይጠቀሙ ለማድረግ ነው ሲል አስረዳ። ዳሩ ግን በተሰጣቸው ቃል ተማምነው ሃያ ዓመት ያህል ቤታቸውን የሠሩ ሰዎች መሠረቱ ሲነሣ ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ግልጽ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። ብዙዎችም ለጨዋታው የኢንተርኔት አገልግሎት በየወሩ የሚከፍሉትን አቋረጡ። ፓይዞ በማንም ኩባንያ እጅ የማይሆን ሌላ ፈቃድ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ። ዊዛርድስ የተሻሻለ ረቂቅ አቅርቦ አሳብ ቢጠይቅ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱለት፤ 88 ከመቶው በአዲሱ ውል ለማሳተም እንደማይፈልጉ ተናገሩ። በመጨረሻም ጥር 27 ቀን ኩባንያው ረቂቁን ተወ፤ መሠረታዊውን ደንብም ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት፣ ሊሻር በማይችል የጋራ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። በ2025 ዓ.ም. የታደሰውንም ደንብ እንዲሁ አድርጓል።

ኩባንያው ስለምን ተሸነፈ? እንደ እኔ አስተያየት፣ የሚሸጠው ዕቃ ያለ አጫዋቹ ድካም ዋጋ ስለሌለው ነው። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ወረቀት ነው፤ ጨዋታ የሚሆነው አንድ ሰው ባልንጀሮቹን ሰብስቦ ሲያነሣው ነው። ያ ሰው ቢያኰርፍ ብቻውን አይሄድም፤ ማዕዱን የከበቡትን አራትና አምስት ሰዎች ሁሉ ይዞ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሄዳል። በዚያ ላይ የአሜሪካ የደራሲ መብት ሕግ የተጻፈውን ቃልና ሥዕሉን ይጠብቃል እንጂ የጨዋታን አሠራር ለማንም አይሰጥም።

ይሁን እንጂ ድሉን ከልክ በላይ ማግነን አይገባም። የጨዋታው ስም፣ የታወቁት የታሪክ ዓለሞቹና አንዳንድ ታዋቂ ፍጥረቶቹ ዛሬም የኩባንያው ንብረት ናቸው። ለተጫዋቾች የተለቀቀው መሠረቱ ነው። በመሠረቱ ላይ የሚሠራው ቤት ግን የሠሪው ይሆናል፤ ትልቁም ቁም ነገር ይኸው ነው። መልካም ፈቃድ በባለቤቱ ልብ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ባለቤቱ ሲለወጥ ይለወጣል፤ በማይሻር ውል ሲጻፍ ግን ከሰጪውም ዕድሜ ያልፋል። በጋራ ለመሥራት የሚነሣ ማኅበር ሁሉ፣ ሥራው ጨዋታም ይሁን ሌላ፣ ይህን ውል ክርክር ከመነሣቱ በፊት ቢጽፍ ይበጀዋል።