የላፕቶፕ ዕድሜ ስንት ነው? ሻጭ ለገዢ ሊነግረው ስለሚገባው ነገር

ነጋዴ ለደንበኛው የሚሸጠው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው የሚሰጠውን የአገልግሎት ዘመን ጭምር ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው ስንት ክረምት እንደሚያልፍለት፣ የጭነት መኪና የሚገዛም ስንት ዓመት እንደሚሠራለት ይጠይቃል፤ ሻጩም እንደ ዕውቀቱ ይመልስለታል። በላፕቶፕ ንግድ ግን ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ ቢነሣም «እንደ አያያዙ ነው» ከሚል ቃል የተሻለ መልስ አያገኝም። ይህ ዕቃ ዛሬ የአስመጪውና የላኪው የሒሳብ መዝገብ፣ የባለሱቁ የዕቃ ዝርዝር፣ የተማሪውም ደብተር ሆኖ ስለሚገኝ፣ ስለ ዕድሜው በግልጽ መነጋገር ለሻጭም ለገዢም የሚጠቅም መሆኑን በማመን አሳባችንን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በእኛ አስተያየት፣ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ተብሎ በጥንካሬ የተሠራ ላፕቶፕ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ተብሎ የተሠራው ደግሞ ከ3 እስከ 4 ዓመት ሊያገለግል ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ዘመን የሚቆጠረው ዕቃው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ ገዢው ገንዘቡን ከከፈለበት ቀን ጀምሮ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በገበያችን የሚፈጠረው ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው እነዚህ ሁለት ቀኖች ተደባልቀው ስለሚታዩ ነው።

የላፕቶፕን ዕድሜ የሚወስኑት በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ያረጃል። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልተው ካለቁ በኋላ ከመጀመሪያው አቅማቸው 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛሉ፤ እስከ 1,000 ጊዜ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩም አሉ። ሙቀት እርጅናውን ያፋጥነዋል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጦ የቆየ ላፕቶፕ ካርቶኑ ያልተከፈተ ቢሆንም ባትሪው አዲስ ነው ለማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን የመሸከም ኃይሉ አነስተኛ ነው። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ የማቀዝቀዣውን መተንፈሻ ሲደፍነው፣ የኤሌክትሪኩም መብራት እየጠፋ ሲመጣ ቻርጀሩን ሲያናውጠው፣ በሌላ አገር ያለ ችግር የሚሠራ ዕቃ በእኛ ዘንድ ቀድሞ ይደክማል። በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግና ኃይል በሚያስተካክል መሣሪያ መጠቀም በጥቂት ብር ብዙ ወራት መግዛት ነው።

ሦስተኛው ለዓይን የማይታየው ነው፤ ይኸውም ዕቃው የሚሠራበት ሶፍትዌር ድጋፍ የሚያገኝበት ዘመን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ላፕቶፖች በይፋ አይቀበልም። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ቢከፈት ይከፈታል፣ ቢጻፍበትም ይጽፋል፤ ነገር ግን የደኅንነት ጥገና ስለማይደርሰው ለሌቦች በሩ እየላላ ይሄዳል። ከውጭ አገር ገዢዎቹ ጋር በኢሜይል ለሚጻጻፍ ላኪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለውጦ ለገዢው የተላከ አንድ ሐሰተኛ ደብዳቤ የብዙ ላፕቶፖችን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላልና።

አሁን ወደ ገበያችን እንመለስ። ከዱባይና ከሌሎች ገበያዎች የሚመጣው ያገለገለ ላፕቶፕ በየሱቁ ተጠርጎና ተወልውሎ ይደረደራል። ዋጋው በጉልህ ተጽፎ ሲታይ የተሠራበት ዓመት ግን አይጻፍም። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሚገኘውም ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ አሳሳች ነው። 2018 የሚል ያነበበ የዋህ ገዢ በ2018 ዓ.ም. የተሠራ ሊመስለው ይችላል፤ በእውነቱ ግን ዕቃው ሰባት ዓመት ያለፈው ነው። ሻጩ ምንም ሐሰት አልተናገረም፤ ዝም ማለቱ ግን ከሐሰት የሚተናነስ አይደለም።

እንዲህ ስንል ያገለገለ ዕቃ አይግባ ማለታችን እንዳልሆነ አንባብያን ይረዱልን። እንዲያውም ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራና ሦስት ዓመት ያገለገለ ጠንካራ ላፕቶፕ፣ ለርካሽነቱ ብቻ ከተሠራ አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማጠፊያው ጠንካራ ነው፤ ባትሪውና ሃርድ ዲስኩ ይለወጣል፤ መለዋወጫም ይገኝለታል። በርካሹ ውስጥ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ባትሪውም በሙጫ የተጣበቀ ሆኖ ስለሚገኝ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይጣላል። ልዩነቱ አዲስና አሮጌ በመሆን ሳይሆን፣ የቀረው ዕድሜ በመታወቁና ባለመታወቁ ላይ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። አንዱ ላፕቶፕ በ60,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ቢያገለግል፣ ሌላው በ36,000 ብር ተገዝቶ 2 ዓመት ብቻ ቢያገለግል እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 12,000 ብር ሲያስወጣ ሁለተኛው 18,000 ብር ያስወጣል። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚህ ዋጋ የተገዛ ዶላር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ጥራጊ ለሚለወጥ ዕቃ ሲወጣ፣ ጉዳቱ በገዢው ብቻ ሳይወሰን በአገሪቱም ላይ ይደርሳል።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ ዕድሜውን ጽፌ ብሰጥ ገዢው በቸልተኝነቱ ላበላሸው ሁሉ እኔ ተጠያቂ ልሆን ነው ብለው ይፈሩ ይሆናል። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ቡና የፈሰሰበትን ወይም የወደቀን ላፕቶፕ ሻጩ ይካስ የሚል ሰው የለም። እኛ የምንጠይቀው ግን በገዢው አያያዝ የማይለወጠውን ነገር እንዲጽፉ ነው። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የደበቀ ሻጭም ኃላፊነት የለብኝም የሚል ውል በመጻፍ አያመልጥም። ስለዚህ ግልጽ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠብቀው ራሱን ሻጩን ነው።

በሌላ አገርም ነገሩ ወደዚሁ እያመራ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ላፕቶፕ ለጥገና ያለው ምቹነት ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት ለገዢው እንዲገለጽ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርቡ ዕቃዎች ባትሪያቸው በባለቤቱ እጅ በቀላሉ የሚለወጥ እንዲሆን ደንግጓል። እኛ ሕግ እስኪያስገድደን መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሻጭ ከደረሰኙ ጋር አንዲት ወረቀት እንዲሰጥ አሳብ እናቀርባለን። በወረቀቷም ላይ አንደኛ፣ ዕቃው የተሠራበት ዓመት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጾ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን የሚይዘው መጠን ይመልከት፤ ይህንንም ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው የባትሪ መግለጫ በጥቂት ደቂቃ ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ድጋፍ እንደሚያገኝ ይገለጽ። አራተኛ፣ ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና በወራት ተቆጥሮ ይጻፍ። አስመጪዎችም መቶ ላፕቶፕ ሲያስመጡ ለእነዚያው ዓይነቶች የሚሆኑ ባትሪዎችና ቻርጀሮች አብረው ቢያስመጡ፣ የሸጡት ዕቃ ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ገበያ ይሆንላቸዋል።

ገዢ የሆንን ነጋዴዎች ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለብን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አምስተኛ ዓመቱን ያለፈ ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ የሒሳብ መዝገብ በሌላ ቦታ ቅጂ ሊኖረው ይገባል። ባትሪው ያበጠ እንደሆነም ሳይውል ሳያድር ከሥራ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

የንግድ ሀብት ከሁሉ አስቀድሞ እምነት ነው። ዛሬ «ይህ ዕቃ ሦስት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ በእውነት የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ሱቅ መሆኑን አይጠራጠር።