የእርዳታ ገንዘብ ከማን ይምጣ? ሒሳቡስ ለማን ይቅረብ?

አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘቡን ከማን እንደሚያገኝና ሒሳቡን ለማን እንደሚያቀርብ ከታወቀ፣ የማኅበሩ እውነተኛ ባሕርይ ከሞላ ጎደል ታወቀ ማለት ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ምንም ያህል ባማረ ቃል ቢጻፍ፣ የገንዘቡ ምንጭ ባሕር ማዶ ከሆነ ጆሮውም ወደ ባሕር ማዶ ማዘንበሉ አይቀርም። ሪፖርቱ በባዕድ ቋንቋ ይዘጋጃል፤ ፎቶግራፉ ለባዕድ ዓይን ይነሣል፤ የዕቅዱ ዘመን በለጋሹ የበጀት ዓመት ይለካል። ይህ ከግለሰቦች ክፋት የሚመነጭ ሳይሆን ግንኙነቱ ራሱ የሚወልደው ውጤት ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን በድንገት አገደ፤ የዚያች ሀገር የልማት ተራድኦ ድርጅትም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ አከተመ። ለኢትዮጵያ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሰጥ የነበረ እጅ በአንድ ፊርማ ታጠፈ። ምልክቱ ግን ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ይኸው ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለታለመለት ሰው አልደረሰም በሚል ምክንያት በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን ለወራት አቋርጠዋል። ስርቆት መጋለጡና መመርመሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጣቱ ያረፈው ከሌባው ይልቅ ራሽኑን በሚጠብቀው ረሃብተኛ ላይ ነበር፤ ውሳኔውም እርሱ በሌለበት ሸንጎ ተሰጠ።

የድሬዳዋ ነዋሪ ይህን ጉዳይ በሩቁ የሚያየው አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ አሸዋ ላይ ተንደርድሮ የተኛችውን ከተማ መታት። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚሆኑ ቤት ንብረታቸውን አጥተው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው በእርዳታ ታሪክ ውስጥ የተለመደ ነው። መንግሥት፣ ቀይ መስቀል፣ የውጭ ድርጅቶች፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተረባረቡ። ብርድ ልብስና ዱቄት፣ ድንኳንና ጥሬ ገንዘብ ጎረፈ። ሆኖም አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ሌላ እልቂት ሲደርስ፣ የዓለም ዜና ዐውታሮች ዓይን ወደዚያ ዞረ። ለጋሽ በኀዘን ስሜት ሲሰጥ ልቡ ሰፊ ነው፤ ትዝታው ግን አጭር ነው። በደቻቱ ዳር ቤት አልባ የሆነችው እናት ችግር የሚጀምረው ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ወር፣ በሦስተኛው ዓመት።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር አለ። በዚያች ሌሊት ማግስት ከየትኛውም ድርጅት በፊት ለቀስተኛውን የሚያሰባስብ፣ ንፍሮ የሚቀቅልና ድንኳን የሚተክል አካል በየሰፈሩ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እድሩና አፎሻው። እድር የእርዳታ ድርጅት ተብሎ አይጠራም፤ የማኅበራት አዋጁም ቢሆን ከእርሱ ላይ እጁን አንሥቶ ለባህሉ ትቶታል። ነገር ግን ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች በሥልጠና መልክ የሚሰጠው የገንዘብ ማሰባሰብና ከለጋሽ ጋር የመነጋገር ዘዴ፣ የእድር ዳኛና ጸሐፊ ያለ ሥልጠና ሲሠሩበት የኖሩት ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ግን ቋሚ ነው። ከፋዩ በደብተር ይመዘገባል። ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ነው። ሒሳቡ አባላቱ በተሰበሰቡበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበባል፤ የጎደለ ካለ ማንም ተነሥቶ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ሁለት ወገን አይደሉም። ዛሬ የሚያዋጣው ላብ አደር ነገ ተረጂ መሆኑን ያውቃል፤ በመሆኑም መስጠቱ አያኮራውም፣ መቀበሉም አያሳፍረውም።

ይህ ማለት ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ የተበከለ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ጭፍን ድምዳሜ የሚያፈርስ ምሳሌ እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ ይገኛል። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው አንድ ውርርድ አቀረቡ፤ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበው አፍሪካዊ አንዲት ማርክ አይሰጥም አሉ። ሲሶው በእርግጥ አልሰጠም። ይሁን እንጂ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፤ እርሳቸውም ገንዘቡን ለሌላ አስረክበው ወደ ተውኔታቸው አልተመለሱም። ከወራት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በባቢሌ መጠለያ የነበሩ ከፊል ዘላኖች በኤረር ሸለቆ እንዲሰፍሩ ሥራ ጀመሩ፤ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅትም መሠረቱ። ለረጅም ዓመታት ለዚህች ሀገር ሲሠሩ ኖረው በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። ልብ በሉ፤ የጠየቁት አንዲት ማርክ ነው። ትንሽ ገንዘብ ከብዙ ሰው ሲጠየቅ አንድ ባለጸጋ እንደ ፈቃዱ የሚያዛት ድርጅት አትፈጠርም። ከዚያም ለሠላሳ ዓመታት ያህል ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ለሰጪው በአካል ተመልሰው ነገሩት።

በአንጻሩ በ1977ቱ ድርቅ የሆነውን እናስታውስ። ከኮረም የተላለፈው የቢ.ቢ.ሲ. ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ የለንደንና የፊላደልፊያ የሙዚቃ ድግሶች በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አስገኙ። ሕይወት ተርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ያ የአጥንትና የዝንብ ሥዕል ከድርቁ በኋላ አርባ ዓመት ዕድሜ አገኘ፤ ሥዕሉ የተነሣው ሰው ስሙን እንኳ የጠየቀው አልነበረም። ዛሬ በእጅ ስልክ ካሜራ የሕሙማንንና የሕፃናትን ፊት እየቀረጹ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚያሰራጩ የራሳችን ሰዎች ያንኑ መንገድ መከተላቸው ያሳዝናል። ችግረኛው ብርድ ልብሱን ሲቀበል ክብሩን በመያዣነት ማስቀመጥ የለበትም።

የሀገር ውስጥ ሰጪ የለም የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት ባቀረበው ጥሪ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ከወገን ተገኝቷል። ሕዝቡ የሰጠው ሥራውን አስቀድሞ በዓይኑ ስላየ ነው። የሕዳሴው ግድብም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠራተኛው ደመወዝ፣ ከቦንድና ከአጭር የስልክ መልእክት ሳንቲም ሲለቃቀም ቆይቶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እዚህ ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ ቦንድ ብድር ነው፣ መዋጮ ደግሞ ስጦታ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ከደመወዙ የሚቆረጥ «በፈቃደኝነት የተሰጠ መዋጮ» የሚባል ነገር ሲኖር፣ ከሁለቱም አይደለም። እንዲህ ያለው አሠራር ለአንድ ዓመት ሣጥኑን ይሞላ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን እውነተኛ ጥሪ ሲመጣ የሠራተኛውን ልብ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ሕጉ በበኩሉ መንገዱን ከፍቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ኢትዮጵያዊ የሚባል ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው አሥር በመቶ እንዳይበልጥ ያግድ ነበር። በ2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ገደብ አነሣ፤ ማኅበራትም ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩ ፈቀደ። ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪም ከጠቅላላ ገቢ ሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ይህችን የሃያ በመቶ ነገር የቀበሌ ነዋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ሊያውቃት ይገባል፤ ሣጥን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «ከብሬ ስንቱ ለቢሮ ኪራይ፣ ስንቱ ለተረጂው ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላልና። ጥያቄው የሚያስቆጣው ማኅበር ቢኖር ሣጥኑን ይዞ ይመለስ።

ለድሬዳዋ ማኅበራት እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? አንድ ሺህ አባል በወር አሥር አሥር ብር ቢያዋጣ በዓመት 120 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ የቀረውን ቢሊዮን ዶላር አይተካም፤ ይተካል የሚል ካለ ሕዝቡን እያታለለ ነው። የድርቅ እህልና የሆስፒታል መድኃኒት የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነው። ነገር ግን 120 ሺህ ብር ለአቅመ ደካሞች ጣሪያ ማደሻ፣ ለትምህርት ቤት ደብተር፣ ለድንገተኛ ቀን መጠባበቂያ ይበቃል፤ ደግሞም ማንም በሩቅ ሀገር ተቀምጦ በፊርማ የሚያግደው አይደለም። ሪፖርቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማልኛም በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተሳካው ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውም ይጻፍበት። በዘካና በሰደቃ፣ በጽዋና በምጽዋት የሚሰጠው ነዋሪ መስጠትን ከማንም አይማርም። የጎደለው የሰጠው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። በደቻቱ ላይ የመከላከያ ግንብ ቢሠራም የደጋው ዝናብ በየክረምቱ ቁልቁል መውረዱን አላቆመም። መዋጮ በነሐሴ፣ ከጎርፉ በኋላ፣ በጩኸት ሲሰበሰብ ብርድ ልብስ ይገዛል። በጥቅምት፣ አሸዋው ደረቅ ሳለ ከተጀመረ ግን እስከ ሰኔ ዘጠኝ ወር አለው፤ በወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች ለመመዝገብ፣ ሌሊት ነቅቶ የሚያስጠነቅቅ ጠባቂ ለመቅጠር፣ ጥሩምባውንም ለመግዛት ይደርሳል።