ግመል ይንበረከካል፤ መኪናችሁስ?

በዚህ ወር የማጫውታችሁ በመኪና ጣሪያ ላይ ስለሚዘረጋ ድንኳን ነው። «መምህሩ ደግሞ ከድንኳን ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኘኝ የአጎቴ የተሰበረ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ቱሪስት እያመላለሰ የሚተዳደር ሹፌር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ በላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድንኳን ሸጠለት። ሲታጠፍ እንደ ትልቅ ሻንጣ ፖርቶመጋላው ላይ ይቀመጣል፤ ሲዘረጋ ግማሹ በጣሪያው ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ደግሞ በመኪናው ጎን ወጥቶ በመሰላሉ ላይ ይደገፋል። ይህንን የመጨረሻ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ፈጠራው አዲስ አይደለም። ጣልያኖች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምረው ሠርተውታል፤ ዛሬ ናሚቢያን በኪራይ መኪና የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያድረው በእንዲህ ያለ ድንኳን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወንድሞቻችንም በብርድ ወራት ወደ በረሃ ሲወጡ ያውቁታል።

አማቼ ድንኳኑን ለጥቂት ዓመታት ያለ አንዳች ችግር ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ መኪናውን «ከፍ አስደረገ»። ሞላውን ቀይሮ አካሉን በ5 ሳንቲሜትር አነሳው፤ ትልልቅ ጎማዎች ሲጨምርበት ደግሞ ሌላ 3 ሳንቲሜትር ከፍ አለ። ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ ጠቅሞታል፤ በዚህ አልከራከረውም። ይሁንና ስለ ድንኳኑ ማንም ያሰበ አልነበረም። ጋራዡም አልጠየቀ፣ እርሱም አልነገራቸው።

በጥር ወር የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ቤተሰቡን ይዘን ወደ ባሌ ሄድን። እህቴ፣ ባሏ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እኔና አጎታችን። አጎታችንን ሁላችንም «አባ ሐጂ» ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ በወጣትነታቸው ጨው በግመል ጭነው ቆላውን የዞሩ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ የደጋ አጋዘኑን ከልጆቹ ጋር እያየን፣ ሲመሻሽ ዲንሾ ላይ አረፍን። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያለፈ ስለሆነ የጥር ሌሊት እዚያ ቀልድ አያውቅም። እህቴና ትንሿ ልጅ መኪናው ውስጥ፣ እኔና አማቼ በመሬት ድንኳን እንድናድር ተስማማን። አባ ሐጂ «መሬቱ ጉልበቴን ይበላኛል» ብለው ከዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጋር ላይኛው ላይ ወጡ።

መሰላሉ መሬት አልነካም። መሬቱ በዚያ በኩል ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። ታዲያ ምን አደረግን? ሁላችንም በምናውቀው የሐበሻ ብልሃት ስንዝር የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገን ከሥሩ ሸጎጥን። አማቼ ሁለት ጊዜ ረግጦ ሞከረው። «ጠንካራ ነው» አለ።

ለሱብሒ አባ ሐጂ ዉዱእ ለማድረግ ተነሱ። ሰው ላለመቀስቀስ ብለው መብራት እንኳ አልያዙም። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ድንጋዩ ላብ እንዳለበት እጅ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ የመሰላሉ እግር ከድንጋዩ ላይ ሸሸ። አባ ሐጂ በጎናቸው ወደቁ። በመሰላሉ ላይ ተደግፎ የነበረው የድንኳኑ ግማሽ ወለልም ከነልጁ ወደ ታች ዘመመ። ልጁ በውስጥ በኩል ተኝቶ ስለነበር የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ ጮኸ። አልሐምዱሊላህ፣ ማጠፊያው አልተበጠሰም። የአባ ሐጂ የግራ እጅ አንጓ ግን ተሰብሮ ነበር። ጎባ ወስደን ጀሶ ታሰረላቸው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዝም ብለን ስንጓዝ፣ አማቼ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ «አባ ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ግመል እኮ ሰው ሲወጣበትና ሲወርድ ይንበረከካል። ይህ ያንተው ግን በየዓመቱ ይቆማል እንጂ አይንበረከክም» አሉት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቤት እንደደረስን ሜትር ይዤ ወጣሁ። መኪናው ከፍ ከመደረጉ በፊት የድንኳኑ ወለል ከመሬት 2 ሜትር ነበር፤ የመሰላሉ ርዝመት 2 ሜትር ከ10 ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የፓይታጎረስን ሕግ ተጠቅሞ ያገኘዋል፦ በደልዳላ መሬት ላይ የመሰላሉ እግር ከመኪናው ጎን 64 ሳንቲሜትር ርቆ ያርፍ ነበር። መልካም ተዳፋት ነው። ወለሉ በ8 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ሲል ግን ያ ርቀት ወደ 29 ሳንቲሜትር ወረደ! ማለትም 8 ሳንቲሜትር ስንጨምር 35 ሳንቲሜትር ከእግራችን ሥር ተነጠቀ። መሰላሉ ግድግዳ ሆነ። ዲንሾ ላይ እንደነበረው መሬቱ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ አብዛኞቹ መልሱን አላመኑም፣ ሁለት ጊዜ ሠሩት።

የመሰላል ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአራት እጅ ከፍታ አንድ እጅ ከግድግዳው መራቅን ነው። በዚህ መሠረት ለ2 ሜትር ከ8 ወለል የመሰላሉ እግር 52 ሳንቲሜትር መራቅ፣ መሰላሉም ወደ 2 ሜትር ከ15 መርዘም አለበት። ያልተስተካከለ መሬት ሲታሰብበት ደግሞ 2 ሜትር ከ30 የሚሆን ይበጃል። ማራዘሚያው ከመሰላሉ ጋር በብሎን የሚያያዝ ይሁን እንጂ ድንጋይ፣ ጀሪካን ወይም የጎማ ማንሻ አይሁን። በዚህ ዓይነቱ ድንኳን መሰላሉ መውጫ ብቻ ሳይሆን ምሰሶም ነውና።

መንገድ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል 2,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሳንቲሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ከ50 ነው እንበል። አካሉን በ5 ሳንቲሜትር አንስተን በ2 ሜትር ከ10 ከፍታ ላይ 60 ኪሎ ድንኳን ብንጭንበት፣ ማዕከሉ ወደ 83 ሳንቲሜትር ይወጣል። በኩርባ ላይ ላለመገልበጥ የነበረው አቅም ከአሥር እጁ አንዱን አጣ ማለት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ ለስላሳ ሞላ መኪናውን ስለሚያጋድለው እውነተኛው ከዚህ ይብሳል። ከፍታው ላይ የተቀመጠ ሹፌር ፍጥነቱ አይታወቀውም፤ ቁልቁለት ላይ ይህን አስታውሱ። በበረሃ አሸዋ ክምር ላይ በጎን የሚነዱ ወጣቶችም እንዲሁ።

ስለ ጣሪያው አቅም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቆመ መኪና ጣሪያ ቤተሰብ ሙሉ ይሸከማል፤ ሲሄድ የሚፈቀድለት ክብደት ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ በብዙ መኪኖች ከ100 ኪሎ አይዘልም። ብዙውን ጊዜ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። በአገራችን ብየዳ ቤት የሚሠራው የብረት ፖርቶመጋላ ብቻውን ስንት እንደሚመዝን መዝናችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥሩ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከመጽሐፉ፣ ከፖርቶመጋላውና ከማሰሪያው ትንሹን የሚለውን ያዙ። (በየፎቁ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ መግቢያም ቁመት አለው። አማቼ አንድ ጊዜ እዚያ ያደረገውን እዚህ አልጽፍም፤ እህቴ ይህን መጽሔት ታነባለች።)

በአቡ ዳውድ ሱነን ውስጥ መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ ማደርን የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ እንዳለ አንባቢያን ታውቃላችሁ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ዑለማዎቹን ጠይቁ። እንደ አስተማሪና እንደ አጎት የማየው ግን የድንኳን ሸራ መከለያ አለመሆኑን ነው። ነፋስ ያግዳል እንጂ እንቅልፍ ላይ የሚገላበጥ ሕፃን አያግድም፤ ዚፑ ከተከፈተ ደግሞ ምንም የለም። ልጅ ሁልጊዜ በጣሪያው በኩል፣ ትልቅ ሰው በመሰላሉ በኩል ይተኛ። በሩ አጠገብ መብራት ይንጠልጠል። የከሰል ማንደጃም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለብርዱ ተብሎ ወደ ላይ አይውጣ፤ ጭሱ በማይታይበት ጊዜም ይገድላል። በሌሊት ሽንት የሚያመላልሳቸው አዛውንቶችና ነፍሰ ጡር እህቶች ከታች ይደሩ፤ በጃንጥላ ቀሚስ ቀጥ ያለ መሰላል መውረድ ምን እንደሚመስል እህቴን ጠይቋት።

አማቼ አሁን 30 ሳንቲሜትር የሚያራዝም ተጨማሪ ደረጃ በብሎን አስሮበታል፤ መኪናውንም ከማቆሙ በፊት ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ወለሉ ላይ አጋድሞ ደልዳላነቱን ያያል። ባለፈው ጥር ወደዚያው ተመልሰን ነበር። አባ ሐጂም አብረውን መጡ። ግመል ነጂዎች እንደሚያደርጉት ደረቅ ሣር አሳጭደው ከፍራሻቸው ሥር ወፍራም አድርገው አነጠፉና መሬት ላይ አደሩ። ጠዋት ላይ እኛ በተራ ስንወርድ ሻያቸውን ይዘው ከሥር ቆመው ደረጃውን አንድ በአንድ ይቆጥሩልን ነበር።